የታናሼ ግንባር

ሰኔ 9

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለሚጢጢ፣

«ፎቶህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አሳየኋቸው። እልል ነው ያልኩት። ጋሼ፣ ቁርጥ ታናሼን መስለሃል።»

ይህ ያንቺ ቃል ነው። በግንቦት ከጻፍሽልኝ ደብዳቤ ላይ አንድ ፊደል ሳልጨምር ሳልቀንስ ገልብጬዋለሁ። ሰላምታ ሳላቀርብ በዚህ የጀመርኩት ቀድሞ የተነበበ ነገር ቀድሞ መልስ ያገኝ እንደሆነ ብዬ ነው። አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። አንቺም ባለቤትሽም ልጆችሽም ደኅና ሁኑ። ፈጣሪ እጅሽን ይጠብቅልሽ፤ የምትኖሪበት እጅሽ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው። ዕድሜዬን ሙሉ መሬት ስቀይስ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ችካል ያለቦታው ከተተከለ፣ ከዚያ የሚነሣው መስመር የትም ቢሄድ የተሳሳተ ነው።

እናቴ ሰው መለየት እያቃታት ከመጣ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አብራት የምትኖረውን እህቴን «ልጅቷ» ትላታለች። እኔን ግን አባቴን አድርጋ ነበር የምታየኝ። አባቴ እንደ እኔ መላጣ ነበር፤ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ። በበሩ ስገባ ከወንበሯ ተነሥታ ግድግዳውን ተጠግታ ትቆማለች። «ደርሷል፤ አሁኑኑ ይቀርባል» ትለኛለች። እራቱን ማለቷ ነው። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ስላት «አዎ፣ አዎ» ትላለች፤ አጎንብሳ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ስለዚህ ባሕር ተሻግሬ የምትሠሪበት የፀጉር ተከላ ክሊኒክ የመጣሁት ለመቆነጃጀት አልነበረም። ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ለማን ብዬ ነው የምቆነጃጀተው? እናቴን ማስፈራት ስለሰለቸኝ ነው። አንቺንም «ለእናቴ ስል ነው» ብዬሻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። የግንባሩን መስመር ለመሣል የወጣትነት ፎቶ ላክልኝ አልሽ፤ ላክሁ። ከኋላ እየነቀላችሁ ከፊት ተከላችሁ። ፀጉሩ መጀመሪያ ረገፈ፣ ቀጥሎ በቀለ፣ አሁን ይበጠራል። በዚህ በኩል ሥራችሁ እንከን የለውም።

ውጤቱ ግን የሚከተለው ነው። በር ስከፍት እናቴ አትሸሽም። ሁለት እጇን ትዘረጋለች። «መጣህ ታናሼ?» ትላለች።

ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ ከሞተ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ቀብሩ ላይ ከጎኔ ቆመሻል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። የእኔን ግንባር የሣልሽው ከማን ፎቶ ላይ ነው? መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ። ስልክ አልፈልግም፤ በስልክ የተባለ ነገር ሲነጋ ይካዳል።

ሌላም፣ ከግንባሬ እስከ አናቴ ያለው ቆዳ ድንዝዝ እንዳለ ነው። በሦስት ወር ይለቅሃል ተብዬ ነበር፤ ዘጠነኛ ወሩ ነው። እናቴ ራሴን ስትዳብሰኝ እጇን አየዋለሁ እንጂ አይሰማኝም።

የአክስትሽ ልጅ


ሐምሌ 14

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ደጃችሁ ደርሶ ሳያንኳኳ ይግባ። እትዬ እንደምን ናት? ትበላለች? ትተኛለች? እህታችንስ ወገቧ ተሻላት? ፈጣሪ ለእትዬ ረጅም ዕድሜ፣ ለእህታችን ትዕግሥት፣ ላንተ ደግሞ ትንሽ ሳቅ ይስጥልኝ።

ስለዘገየሁ አትቆጣ። እሺ፣ ተቆጣ፤ ግን ለአጭር ጊዜ። ክሊኒኩ መተንፈሻ የለውም። ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ ዘንድሮ የዓለም ወንድ ሁሉ ፀጉሩ ትዝ ብሎታል። አንድ ጭንቅላት ላይ ሁለት ሆነን እንቀመጣለን፤ እኔ በቀኝ፣ ጓደኛዬ በግራ። ማጉያ መነጽር አድርገን፣ ከቀዝቃዛው ሳህን አንዲት አንዲት የፀጉር ሥር በወረንጦ እያነሣን እንተክላለን። ስትገባ ወገብህ ቀጥ ብሎ ነው፣ ስትወጣ አንገትህ ጠሞ ነው። ሚጢጢ ያላችሁኝ ልጅ አሁን በዚያ ክብ ወንበር ላይ አልበቃ ብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ መጥቶ «አደራሽን፣ ለሚስቴ እንዳትነግሪ» አለኝ። «የት ናት?» አልኩት። «ውጭ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው።» ሌላው ደግሞ ጥርሱን የነቀለው ሐኪም በዚያው ወንበር ላይ ፀጉሩን ጭምር የነቀለው ይመስል ቂም ይዞ ነው የመጣው። ሲተከልለት ሙሉውን ቀን የጥርስ ሐኪሙን ሲሰድብ ዋለ። እኛ ሳቃችንን ለመደበቅ ጭንብላችን በጀን።

ድንዛዜው አያስፈራህ። አንዳንዱን ሰው ዓመት ያቆየዋል። ጠዋት ጠዋት በጣትህ ጫፍ ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያልክ እሸው።

ስለ መስመሩ ያልከው ደግሞ፣ ወንድማማቾች አይደላችሁም እንዴ? ብትመሳሰሉ ምን ይገርማል?

አደራ፣ የእትዬን የቅርብ ፎቶ ላክልኝ። ስትስቅ።

ያንተው ሚጢጢ


ነሐሴ 3

ለሚጢጢ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ስለ ደንበኞችሽ ነው። አንዱ ስለ ጤናችን ነው። ስለ ጥያቄዬ አንድ መስመር ጽፈሻል፤ እሱም ራሱ ጥያቄ ነው። ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ሰው መልሱን የሚያውቅ ሰው ነው።

«ወንድማማቾች አይደላችሁም እንዴ» ትያለሽ። አንድም ቀን ማንም አመሳስሎን አያውቅም። እሱ የእናቴን ወገን፣ እኔ የአባቴን ወገን። አንቺ ራስሽ «አንዱ ከሠርግ ቤት፣ አንዱ ከፍርድ ቤት» ትዪን አልነበረም?

ባለፈው ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገባሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው። ሲያየኝ መቀሱን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ጎንና ጎኑን ብቻ እየከረከምኩ ሙሉ ሒሳብ ስቀበልህ ኖሬያለሁ። ዛሬ ተቀመጥ፣ ዕዳዬን ልክፈል» አለኝ። የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። እኔም እንዲስቁ ተውኳቸው። ከዚያ ፎጣውን አንገቴ ላይ አስሮ፣ ፀጉሬን በማበጠሪያ ወደ ኋላ መለስ ሲያደርገው እጁ ቆመ። በመስተዋቱ ውስጥ ተያየን። «ነፍሱን ይማረው» አለ። የማንን ነፍስ ብዬ አልጠየቅሁትም። ቀጠለ፣ ጨረሰ፣ ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ማንም ሰው ሊያየው የሚችለውን ነገር አንቺ፣ በማጉያ መነጽር የምትሠሪው፣ አላየሁም ልትዪኝ ነው?

ስለ እናቴ ጠይቀሻል። ትበላለች። ለእህቴ አፏን ዘግታ የኖረች ሴት፣ እኔ ማንኪያውን ስይዝ ትበላለች። «ታናሼ ሲያጎርሰኝ ይጣፍጠኛል» ትላለች። እህቴ ወገቧ ተሽሏታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት ጀምራለች። «ተዋት፣ ደስ ብሏታል» ትለኛለች እኔን።

ተዋት ማለት ቀላል ነው። አምና እናቴ «ታናሼ ለምን ቀረ?» ስትል እህቴ እውነቱን ነገረቻት። እናቴ መርዶ እንደተነገረ ሰው ደረቷን መታች፣ አለቀሰች፣ ጎረቤት ደነገጠ። በማግስቱ ረስታው እንደገና ጠየቀች። እህቴ እንደገና ነገረቻት። ያው ልቅሶ እንደገና ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት እውነት የሚናገር የለም። እኔ ዕድሜ ልኬን ውሸት ስጸየፍ የኖርኩት ሰው «መጣህ ታናሼ?» ስባል «መጣሁ» እላለሁ። የሚሰማኝ ነገር የለም። ራሴ ላይም፣ ከራሴ በታችም።

የባሰው ይኸውልሽ። ስለ እኔ ታወራኛለች። «ያ ወንድምህ» ትለኛለች። «ሲመጣም እንደ ተቆጣጣሪ ነው። ጣሪያውን ያያል፣ መድኃኒቱን ይቆጥራል፣ ይሄዳል። ምን እንዳስቀየምኩት አላውቅም።» እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ።

የሣልሽበትን ፎቶ ራሱን እፈልጋለሁ። ቅጂ አይደለም። ነሐሴ ሳያልቅ በፖስታ ካልላክሽ ለክሊኒኩ ባለቤት በስምሽ አቤቱታ እጽፋለሁ። ዘመድነትን ከሥራ ጥፋት ጋር ማደባለቅ አልወድም።

የአክስትሽ ልጅ


ነሐሴ 21

ለውድ ጋሼ፣

ሰላም ለቤታችሁ። እትዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ ብያለሁ በላት ለእህታችን።

«አጥብቆ ጠያቂ…» ይላል ተረቱ። እትዬን በሕይወት ያቆይልንና ቀሪውን አልጽፈውም። አንተ ግን ከልጅነትህ ጀምሮ አጥብቀህ ትጠይቃለህ። እንግዲህ ያዘው።

ፎቶው እነሆ። ክሊኒኩ ፋይል ውስጥ ነበር፤ አስፈርመውኝ ነው ያወጣሁት። ይህን ፎቶ የላክኸው አንተ ነህ፣ ጋሼ። በራስህ እጅ፣ «ይህ በሃያ አንድ ዓመቴ የተነሣሁት ነው» ብለህ። ገና ከፖስታው ሳወጣው ታናሼ መሆኑን አወቅሁ። ኮቱ ያንተ ነው፤ ማለቴ የሁለታችሁ ነው፤ ያ ግራጫው፣ አንዳችሁ ለብሳችሁ ስትወጡ ሌላችሁ ቤት የምትቀሩበት። ሁለታችሁም በዚያው ኮት፣ እዚያው ፎቶ ቤት፣ ያው መጋረጃ ፊት ቁጭ ብላችሁ ነው የተነሣችሁት። ግን የግራ ቅንድቡን አስተውለህ እየው። በበሩ መቀርቀሪያ የተሰነጠቀበት ነው። ያን ቀን ደሙን በቀሚሴ የጠረግሁለት እኔ ነኝ፤ እናቴ የገረፈችኝም ስለ ቀሚሱ ነው።

ደግሞስ ጋሼ፣ አትቀየመኝና፣ አንተ በሃያ አንድ ዓመትህም እንዲህ ያለ ፀጉር አልነበረህም። ዩኒቨርሲቲ ሳትጨርስ ነው ግንባርህ ማፈግፈግ የጀመረው። ታናሼ «የወንድሜ ዕውቀት ቦታ ጠቦት ፀጉሩን ገፋው» እያለ ሲስቅብህ፣ አንተ መጽሐፍ ወርውረህበት ትዝ አይልህም?

ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም ትላለህ። «ለእናቴ ስል ነው» ያልከኝ አንተ ነህ። አውቀህ የላክኸው መሰለኝ። ታናሼን ልትመልስላት አስበህ፣ ያን በአፍህ መናገር ከብዶህ፣ በፎቶ የነገርከኝ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ይጠየቃል? «ጋሼ፣ የሟች ወንድምህን ግንባር ነው የምትፈልገው?» ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። እንዲያውም አለቀስኩ። ያ ኮስታራ ሰውዬ ለካ እንዲህ ያለ ሆድ አለው አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የወደድኩህ፤ በፊት እፈራህ ነበር እንጂ።

በሥራው ቀን መስመሩን በብዕር ሥዬ መስተዋት ያዝኩልህ። መነጽርህ መሳቢያ ውስጥ ነበር። «ቀጥ ብሏል?» አልከኝ። «ግንባር ቀጥ አይልም፣ ጋሼ። መሬት መሰለህ እንዴ?» አልኩህ። «እንግዲህ ሙያው ያንቺ ነው፣ ይሁን» አልክ። ማደንዘዣውን ስንወጋህ እንኳ እህ አላልክም። ከሰዓት በኋላ በጀርባህ ተኝተህ እየተከልኩልህ እያለ እንባህ ወደ ጆሮህ ወረደ። በጨርቅ ጠረግሁት። «ምነው ጋሼ?» ስልህ «ማደንዘዣው ነው» አልክ። ማደንዘዣ ዓይን አያስለቅስም። መትከሌን ቀጠልኩ። ልክ ነኝ ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

ልክ አልነበርኩም። ይቅር በለኝ።

ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ። የፊተኞቹን ረድፎች አንድ በአንድ ነቅለን መስመሩን ወደ ኋላ መመለስ እንችላለን። ነጠብጣብ ምልክት ይቀራል፤ ከቅርብ ካላዩት አይታይም። እኔው ራሴ እሠራዋለሁ፣ ምንም አትከፍልም። ትኬቱንም እኔ እችለዋለሁ። ቀኑን ብቻ ንገረኝ።

ግን ጋሼ፣ ካስነቀልከው በኋላ በበሩ ስትገባ እትዬ የምታየው ማንን ነው? አንተን ነው ወይስ እንደገና አባባን?

ያንተው ሚጢጢ


መስከረም 16

ለሚጢጢ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ልጆችሽን አሳድጊ፤ ለጡረታሽም በሰላም ያድርስሽ። እህቴ ሰላም ብላሻለች። እናቴ ሰላም አላለችሽም፤ ግን ስምሽን ስጠራላት «ያቺ ቀሚሷን በደም ያበላሸችው» አለች። ይህን እንደ ሰላምታ ውሰጂው።

ፎቶውን በማጉያ መነጽር አየሁት። ቅንድቡ ተሰንጥቋል። ታናሼ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ አልጽፈውም።

ለክሊኒኩ ባለቤት ልልክ ያዘጋጀሁትን አቤቱታ ቀድጄዋለሁ።

ፎቶዎቹ የነበሩበትን ቆርቆሮ ሣጥን እንደገና አወረድኩት። ታች፣ ከክትባት ካርዶች ሥር፣ የራሴን አገኘሁ። ያው ኮት፣ ያው መጋረጃ። ያልሽው እውነት ነው፤ ግንባሩ ያኔም ወጥቷል። ፊቱም ተቆጥቷል። ካሜራው ላይ ምን እንዳስቆጣው አላውቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስመለከት እህቴ መጣች። «የትኛው ነህ?» አለችኝ። ልትቀልድ አስባ ነበር። ፎቶዎቹን ገልብጬ አስቀመጥኳቸው፤ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።

ከዚያ አንድ ነገር አደረግሁ። እንዲህ ያለ ነገር የማደርግ ሰው አልነበርኩም። የራሴን ፎቶ ይዤ ወደ እናቴ ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃኑ ላይ ተቀምጣለች። «መጣህ ታናሼ?» አለች። «መጣሁ» አልኩ። ፎቶውን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። «ይሄ ማን ነው?» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችው። አንቺ ስትሠሪ እንደምታዪው ዓይነት፣ ወደ ዓይኗ አስጠግታ። ከዚያ ሳቀች። አንቺ ላክልኝ ያልሽው ሳቅ ያ ነው፤ ግን እጄ ላይ ካሜራ አልነበረም።

«ይሄማ ትልቁ ነው» አለች። «የመጀመሪያ ልጄ። ይሄ ልጅ እንዴት ይጠፋኛል? እየው፣ ሲቆጣ። ሲወለድም ተቆጥቶ ነው የወጣው። አዋላጇ ‹ይሄስ ዳኛ ነው› ብላለች።»

ሚጢጢ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ለመስማት ስመላለስ ነበር። ለዚህ ነው ጭንቅላቴን ያስወጋሁት። አወቀችኝ። ስሜን ከነአባቴ ጠራችው። የጠራችው ግን ለወረቀቱ ነው።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና እጇን አናቴ ላይ አደረገች። «ታናሼ፣ ወንድምህ የት ሄደ?» አለች።

ምን እላለሁ? «እኔ ነኝ» ብል ታናሼን እዚያው ፊቷ እገድለዋለሁ። ያ ልቅሶ ይመጣል፣ ይረሳል፣ እንደገና ይመጣል። «ውጭ አገር ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት።

«ደብዳቤ እንኳ አይጽፍም?» አለች።

«ይጽፋል» አልኩ።

ይህን ያህል ነው የተነጋገርነው። እጇ ራሴ ላይ እንደነበር የማውቀው ጥላው ግድግዳው ላይ ስለታየኝ ነው።

ስለዚህ ማስተካከያውን አልፈልግም። ለሐኪሙ አመሰግናለሁ በይው። ግንባሩ ባለበት ይቆይ፤ ችካሉ ያለቦታው ተተክሏል፣ ቤቱ ግን ተሠርቶበት ሰው ገብቶበታል።

ካንቺ የምፈልገው ሌላ ነው። በእኔ ስም ለእናቴ ደብዳቤ ጻፊላት። ራሴ ልጽፈው ሞክሬያለሁ። «ይድረስ ለውድ እናቴ» ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ከዚያ በታች የምለው አላገኘሁም፤ ሪፖርት እንጂ ደብዳቤ ጽፌላት አላውቅም ኖሯል። አንቺ ከሰው ጋር መነጋገር ታውቂበታለሽ። ካንቺ አገር፣ ያንቺ አገር ቴምብር ተለጥፎበት ይምጣ። እናቴ ቴምብሩን በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች፤ የአገር ውስጡን ወዲያው ትለየዋለች።

አታጣፍጪው። ድንገት ለስላሳ ካደረግሽኝ አታምንም። ጣሪያው ተጠገነ ወይ ብለሽ ጠይቂ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰጂ ብለሽ ተቆጪ። እህቴን አትጨቅጭቂያት በያት፤ የምለው እንደዚያ ነው። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ፣ መጨረሻው አካባቢ ሳይሆን መሀል ላይ፣ አላስቀየምሽኝም ብለሽ ጻፊላት። አንድ ጊዜ ብቻ። አትድገሚው፤ ከተደገመ የእኔ አይመስልም።

«እመጣለሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ። የማልፈጽመውን ነገር ፈርሜ አላውቅም።

አንድ ገጽ ይሁን። ጽሑፍሽ ጎላ ይበል፤ የሚያነብላት ታናሼ ነው፣ መነጽሩንም አውልቆ ነው የሚያነበው፤ እሱ መነጽር አያደርግም ነበር።

ደብዳቤው እስከ ጥቅምት 20 በእጄ እንዲገባ። መላክሽንም ለብቻው፣ በጽሑፍ፣ በእኔ ስም አሳውቂኝ።

የአክስትሽ ልጅ፣ ትልቁ